የጁምዓ ፎቶ

የቤቱ ሰዎች ለጁምዓ ሲወጡ ሬሕማ እጇን ታጥባ ሳሎን ገባች። ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ እንደ ሁልጊዜው በአሠሪዎቿ ሶፋ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። ወሎ ላለችው እናቷ በየዓርቡ የምትልከው ፎቶ ይህ ነበር። በምትሠራበት ከተማ፣ በባሕሪ ያሉት የአገሯ ልጆችም ሁሉ የሚነሡት በሰው ሳሎን ነው። ልካ ስታበቃ ግን ፎቶውን ደጋግማ ታየውና የማታውቃት ሴት ትሆንባት ነበር።

"ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ለማን ነው?" የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ተኝተዋል ያለቻቸው፣ እንደ ቤቱ ልጆች ሐቦባ፣ አያቴ፣ የምትላቸው የቤቱ አሮጊት ነበሩ። ሬሕማ ደንግጣ ከሶፋው ተነሣች።

"ለእናቴ ነው፣ ሐቦባ። ይቅር ይበሉኝ።"

ሐቦባ አልተቆጡም። አጠገባቸው አስቀምጠዋት ስልኩን ተቀበሉና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያሳልፉ ጀመር። ሁሉም ላይ ሶፋው፣ መጋረጃውና ከንፈሯን ገጥማ የተቀመጠች ሴት አሉ። ድንገት ጣታቸው አንዱ ላይ ቆመ። ባለፈው ወር ወጥ ቤት ውስጥ ስልኩ ሲንሸራተት በስህተት ያነሣው ነው። እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሶ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ አፏን ከፍታ ትሥቃለች። ስንቴ ልታጠፋው ብላ ሳስታለት ተወችው።

"ሌሎቹ ላይ የማየው ሶፋዬን ነው" አሉ ሐቦባ። "ያላ፣ ይችን ላኪላት።"

እየፈራች ላከችው። ትንሽ ቆይቶ የእናቷ የድምፅ መልእክት ደረሰ። መጀመሪያ ትንፋሿ ብቻ ተሰማ፤ ከዚያ ሣቋ ከለቅሶዋ ጋር ተደባልቆ ወጣ።

"እሰይ የኔ ልጅ! ዛሬ ገና አየሁሽ።"