ከውሃ በታች ያለ ድንበር

«ሳይሰጡን አንቀመጥም!» አለ ሙባረክ፤ ጉልበቱ ግን ተቀመጥ ተቀመጥ ይለዋል። ለልጁ ለሂሻም ፊርደውስን ሊጠይቅ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ፣ ኮምቦልቻ ከአባቷ ከሐጂ ሚስባህ ሳሎን ምንጣፍ ዳር ከቆመ ቆይቷል።

ሐጂ ሶፋቸው ላይ ተደላድለው፣ «ልጁ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ማሻ አላህ» አሉ። «የእናንተን ቤት ግን ማን ያውቃል? እኛ ጎረቤት ሳንጠይቅ ልጅ አንሰጥም።»

ጎረቤት! መብራት ሊመነጭ ወንዙ ተገድቦ አገሩን ውሃ ከዋጠው፣ ሰዉም እንደ ጨው ዘር ከተበተነ ወዲህ የማንን ደጃፍ ይጠቁም? ከድሮ ጎረቤቶቹ ኮምቦልቻ የገባችው ጣይባ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ በማሳ ድንበር አኩርፋዋለች። ድንበሩን ውሃ ሸፈነው፤ ኩርፊያው ግን ሳይረጥብ አብሯቸው ከተማ ገባ።

ሙባረክ ስሟን ሊውጥ ሲታገል አንደኛው ሽማግሌ አወጣበት። ሐጂም ሰው ልከው አስጠሯት።

ጣይባ ነገሩን ቆማ ሰማች። «እመሰክራለሁ። መጀመሪያ ግን ድንበሬን መግፋቱን ይመን።»

«አሁን መሬቱን ከዓሣ ጋር ልትካፈይው ነው?» አላት ሙባረክ።

«ከማንም ጋር ልካፈለው፣ የኔ ነው!»

ውሃ ስርም ብትሆን ያቺ ቁራሽ መሬት የሙባረክ ናት፤ ሌላ ምን ቀረው? ሂሻምን አሰበና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ገፍቻለሁ። ውሰጃት።»

ጣይባ ወደ ሐጂ ዞረች። «ወላሂ፣ ከዚህ ሌላ ነውር አላውቅበትም። ባሌ የሞተ ጊዜ የራሱን ማሳ ትቶ የኔን አርሶልኛል።»

ሐጂ እጃቸውን ለዱዓ ሊዘረጉ ሲሉ ቀጠለች፦ «ለመሆኑ ሙባረክ፣ ድንበሩ ከሾላው በላይ ነበር ወይስ በታች?»

ሙባረክ ድንበሩ የት እንደነበር ትዝ አላለውም። ሳይሰጡኝ አልቀመጥም ያለው ሰውዬ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ የአገራቸውን ወንዝ በጣቱ አሰመረ። ጣይባም ከጎኑ ቁጭ ብላ መስጊዱ የነበረበትን ቦታ በመዳፏ አሳየች።

«ኧረ ወንዙ ወደዚህ ነው የሚታጠፈው!»

«እሱማ ክረምት ሲሞላ ነው።»

«ልጄን ሰጥቻለሁ እኮ!» አሉ ሐጂ። የሰማቸው የለም።

«ሐጂ፣ እግርዎን ያንሱልን» አለች ጣይባ ቀና ሳትል። «ቤቴ ላይ ነው ያሳረፉት።»

ሐጂ ሚስባህ ሁለቱንም እግሮቻቸውን ቀስ ብለው አንስተው ሶፋው ላይ አጠፏቸው።