እስኪተነፍስ ድረስ

ሴትዮዋ ቁልፉን አዙራ በሩን ገፋ ስታደርገው ዳንቴል እንደ ወትሮዋ እየተንደረደረች አልመጣችም። የመንሸራሸሪያ ገመዷ እንደተሰቀለ ነው። ትናንት የተሰጣት ምግብ ሳይነካ ደርቋል።

"ዳንቴል? የት ገባሽ እቴ?"

ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ቀጭን ማቃሰት ተሰማ። ሮጣ ገባች። ነጯ ውሻ የአሳዳጊዋን ፎጣዎች ሁሉ ከመደርደሪያው ጎትታ፣ ቧጭራ፣ መሬት ላይ ከምራ፣ መሃሉ ተኝታ ትንቀጠቀጣለች። ሆዷ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና መልሶ ይላላል።

ሴትዮዋ ሦስት ወልዳለች። ምጥ ምን እንደሚመስል ነጋሪ አያሻትም።

ትናንት ውሻዋ ምግብ ስትተውና ፎጣ ስትቧጭር አይታ "አሳዳጊዋ ናፍቃት ነው" ብላ እንደ ልጅ አባብላት ነበር የሄደችው። ውሻዋ ማርገዟን ብታውቅም፣ ቡችሎቹ የሚወለዱበት ቀን ገና ነው ተብላለች። አሁን ትዝ ያላት ወረቀቱ ነው። አሠሪዋ፣ የዳንቴል አሳዳጊ፣ ከሦስት ቀን በፊት መንገድ ስትነሳ፣ ከፊትም ከኋላም ጽፋ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋው ሄዳለች። "አነበብሽው አይደል?" ስትላትም "እንዴታ!" ብላ መልሳለች።

ማንበብ ከጀመረች ዘጠኝ ወሯ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ቤቱ ፊደል ጡብ ጡብ ያክላል፤ የአሠሪዋ የእጅ ጽሑፍ ግን እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። አንድ መስመር ሞክራ ትታዋለች። እንዲህ ያለውን ወረቀት በስልክ ፎቶ ታነሳና ልጇ ታነብላታለች፤ እሷ በቃሏ ትይዛለች። "ውሻ አንሸራሽራለሁ፣ ባለቤት በሌለበት ቤት ድረስ እየሄድኩ እመግባለሁ" የሚለውን ማስታወቂያ ጽፋ የለጠፈችላትም ይህችው ልጇ ናት። ልጅቱ የፈተና ሰሞን ሆነባትና "እሁድ ታነብልኛለች" ብላ አሳደረችው።

ደወለች። የልጇ ስልክ ዝግ ነው፤ ፈተና ላይ ናት። የአሠሪዋም ዝግ ነው፤ ወደ ቤቷ ለመመለስ አውሮፕላን ላይ ናት።

"ምነው የውሻ ሞግዚት፣ በር ከፍተሽ የምትጮኺው? ዛሬ ደግሞ ውሻዋ ናት አንቺን ይዛሽ የምትወጣው?"

የሕንፃው ዘበኛ ናቸው፤ ቆባቸውን እንዳደረጉ አንገታቸውን አስግገዋል።

"አባባ፣ እግዜር ነው የላከዎት! ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ወረቀት አምጥተው ያንብቡልኝ። ልትወልድ ነው!"

አመጡት። አዩት። ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት። የደረት ኪሳቸውን ዳበሱ።

"መነጽሬን ረስቼዋለሁ፣ ልጄ።"

ቀና ብላ አየቻቸው። ይህችን ቃል ታውቃታለች። በባንክ፣ በሐኪም ቤት፣ በልጆቿ ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ብላታለች፤ መነጽር ግን ኖሯት አያውቅም።

"ይስጡኝ" አለች።

ያኔ ዳንቴል አንድ ጊዜ አምጣ፣ በግራጫ ሽፋን የተጠቀለለ ነገር ፎጣው ላይ ጣለች። አሸተተችውና ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች። የመጀመሪያ ወሊዷ ነው። የተጠቀለለው አይንቀሳቀስም።

ሴትዮዋ ጣቷን የወረቀቱ ጉንዳኖች ላይ አሳረፈች።

"ቡ... ች... ላው... በ... ሽ... ፋን..." ትንፋሿን ሳበች። "ቡችላው በሽፋን ተጠቅልሎ ከወጣ... እናቱም ካልቀደደችለት... አንቺ ቅደጂለት።"

"በይ እንግዲህ ምን ትጠብቂያለሽ!"

ቀደደች።

"አፉንና... አፍንጫውን... ጥረጊ።"

ጠረገች። ቡችላው እንደ እርጥብ ካልሲ መዳፏ ላይ ተዘረረ።

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል ሰምቻለሁ፤" አሉ ዘበኛው፣ "ወረቀት ሲያስተምር ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።"

"ዝም ይበሉ አባባ፣ መስመሩ ይጠፋብኛል! ጀርባውን... በደረቅ ፎጣ... ጠንከር አድርገሽ ፈትጊው።"

ገጹ እዚህ አለቀ። ፈተገችው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ የልጆቿን ጀርባ ባሸችበት እጅ። ምንም የለም። እንደገና። ክንዷ ዛለ። ዳንቴል ከጥግ ሆና፣ ጆሮዋን ጥላ፣ ዓይኗን ከሴትዮዋ እጅ ላይ አልነቀለችም።

"ተይው ልጄ" አሉ ዘበኛው ዝቅ ባለ ድምፅ። "አይሆንም። ሄዷል።"

እጇ ሊቆም ነበር። ወረቀቱን አየችው፤ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ የለም። ነገሩ አላለቀም ማለት ነው።

"አባባ፣ ይገልብጡት! በኋላው በኩል!"

ገለበጡና ፊቷ ያዙላት። በአንድ እጇ እየፈተገች፣ በዓይኗ አንድ በአንድ ለቀመችው።

"እ... ስ... ኪ... ተ... ነ... ፍስ። እስኪተነፍስ ድረስ። ቢዘገይም አታቁሚ።"

አላቆመችም። ላቧ ፎጣው ላይ ጠብ አለ። ስንት ጊዜ እንደፈተገች አታውቅም፤ ብቻ በመጨረሻ መዳፏ ውስጥ አንድ ነገር ንጥር አለ። ትንሿ አፍ ተከፈተች። ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ቀጭን ሲጥታ ወጣ፤ ቀጥሎም ሌላ።

ሦስት ቀን ሙሉ አሠሪዋ በወረቀቱ አፍ ማቀዝቀዣው በር ላይ ቆማ ይህንኑ ስትነግራት ኖራለች፤ አሁን ደግሞ ሰማይ ላይ ሆና። ሴትዮዋ ቡችላውን ለእናቱ አስጠጋችው። ዳንቴል አሸተተችው፣ ጥቂት አሰበች፣ ከዚያ መላስ ጀመረች።

ዘበኛው ቆባቸውን አውልቀዋል። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አገላብጠው አዩት።

"እስኪተነፍስ የሚለው..." አሉ፤ "የቱ ጋ ነው?"

ስለ መነጽር አላነሱም፤ እሷም አላነሳችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። የተዘቀዘቀውን ወረቀት አቃናችላቸው፤ ወፍራም ጣታቸውንም ይዛ ቃሉ ላይ አሳረፈችላቸው።

ዳንቴል ሁለተኛውን ማማጥ ጀመረች። አባባ ጣታቸውን አላነሱም።