አርባ ቀን ያልተወለወለ መስኮት

ጥቀርሻውን ሊመዝን ከአካባቢ ጥበቃ የመጣው ሰውዬ ነጩን ወረቀት የመስኮቱ ደፍ ላይ አሽቶ ያነሳዋል። ነጭ ነው። ገልብጦ ደግሞ ያሻል። ያው ነጭ።

«በስልክ ነግሬሽ ነበር እኮ» ይለኛል። «አርባ ቀን አይነካ ብዬሽ ነበር።»

እስከ ትናንት አልተነካም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳታ ሴንተር ሃያ አራት ጀነሬተር አለው። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይነሳሉ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ለሙከራ በየተራ። የናፍጣው ጭስ ሌላ መንገድ አያውቅም፣ ቀጥ ብሎ እኛ ቤት ነው። ጥቀርሻው ሲከመር እያየሁ እጄን ሰብስቤ ከረምኩ። ከተመዘነ ጭስ ማውጫውን ወደ ላይ እንዲያስረዝሙ ይገደዳሉ፣ ልጄም ትተነፍሳለች። ነገሩ ይኸው ነው።

አማቴን አያቸዋለሁ። ሥራ ውዬ እስክመጣ በበረኪና ፈትገውታል። መጋረጃው ሳይቀር ታጥቧል። አይንኩብኝ ብያቸው ነበር፤ ለስንፍናዬ የፈጠርኩት ሰበብ መስሏቸዋል።

«ታዲያ እንግዳ በእድፍ ልቀበል?» ይላሉ ለሰውዬው።

ሌላ ጊዜ ይምጡ እለዋለሁ። የምዘናው ዙር አንድ ነው፣ ፋይሉ ዛሬ ይዘጋል ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዕቃውን የሚሰበስበው ቀስ ብሎ ነው። ፎርሙ ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቶታል፦ ቤቱ ውስጥ ሕመምተኛ አለ ወይ። አለች እላለሁ፣ አስም አለባት። ልጄ አያቷን ተጠግታ ቆማለች። ስድስት ዓመቷ ነው። እሱም ጎንበስ ይልላታል።

«ሚጢዬ፣ ትንፋሽሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

አያቷ ናቸው ያስተማሯት። ሰው ፊት አይሳልም ያሏትም እሳቸው ናቸው። ውሸቷን ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትስል ነው ያደረችው እላለሁ። ሰውዬው እኔን ያያል፣ እሷን ያያል። እሷ ፈገግ ብላለች።

«ጨዋ ልጅ ናት» ይላል እየጻፈ።

እፈርማለሁ። አማቴ ሊሸኙት ይወጣሉ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ደጅ ላይ ቆመው ስለ እናቱ ጤና ይጠይቁታል፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል።

ልጄ አፏን ግጥም አድርጋለች። ጉንጮቿ ተነፍተዋል፣ ከንፈሯ መጥቆር ጀምሯል። እንድትስል በዓይኔ እለምናታለሁ። ራሷን ትነቀንቅና ዓይኗን ወደ በሩ ትመልሳለች። እስኪዘጋ ነው የምትጠብቀው።

ደጅ ላይ ሳቅ ይሰማል። አማቴ አዲስ ወግ ጀምረዋል።