ወንዙን በጀርባ የተሻገሩት ሽማግሌ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! አንቺ፣ ስልኩን አጥፊው። አንተም ያፍህን ቆሎ ዋጥ አድርግና ዝም በል፤ በጥርስ ድምፅ ላይ ወሬ አላወራም። ቀድሞ የሳቀ ይወጣል።

ታኅሣሥ ነው። ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። አካለ ወልድና ይታያል የሚባሉ ሁለት የብቸና ሽማግሌዎች ከመኪና ወርደው ወንዝ ወንዙን ይሄዳሉ። ትንሹ ወንዝ ከትልቁ ከሚቀላቀልበት ተሻግረው፣ የአቶ ከፋለን ልጅ ማስተዋልን ለየኔሰው ሊጠይቁ ነው።

የኔሰው የይታያል የወንድም ልጅ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ሁለት ቤት ተጠይቆለት ሁለቱም እምቢ ብለዋል። እናቱ ወለተ ሐና «ይቺም ካመለጠች ደጄን እንዳትረግጡ» ብላ ነው የሸኘቻቸው።

ችግሩ ከፋለ ነው። በመልክ አያውቁትም፤ ጠባዩን ግን አገር ያወራዋል። ሽማግሌ እንደሚመጣበት ከሰማ መንገደኛ መስሎ ወንዝ ዳር ይጠብቃል አሉ። አምና የመጡት መንገድ ላይ «ሰውየው ንፉግ ነው» ሲሉ ሰማና፣ ቤቱ ሲደርሱ «ንፉጉ እኔ ነኝ፤ በሉ ደህና ግቡ» ብሎ መለሳቸው።

«እንግዲህ አፍህን ጠብቅ» አለ አካለ ወልድ።

«ራስህ ጠብቅ! በፊተኛው ቤት የልጅቷን እናት ‹አያቷ ነዎት ወይ› ያልከው አንተ አይደለህ?»

መገናኛው ላይ ውኃው ሰፍቶ ተንጣሏል፤ ይብራ የሚባሉት የውኃ ወፎች ጭቃውን ይለቅማሉ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በዕድሜ ከሁለቱም ይበልጣሉ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ጫማቸው አዲስ ነው።

ይታያል ጓደኛውን በክርኑ ጎሰም አደረገው። «ከፋለ እሳቸው ናቸው!»

«እንደምን አደሩ አባቴ? ብቻዎን ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት ባልንጀሮች ነበሩኝ፤ ውርጩን አይተው ተመለሱ። ወዴት ናችሁ?»

«አቶ ከፋለ ቤት።»

«እሰይ! እኔም ወደዚያው ነኝ። መንገዱን ታውቁታላችሁ?»

አካለ ወልድ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ሰው የገዛ ቤቱን መንገድ ይጠይቃል!

«ለምን ጉዳይ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

ጉዳይ መንገድ ላይ አይነገርም። «ለደግ ነው» አለ ይታያል።

«እኔም ለደግ ነው። ለመሆኑ ከፋለ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ቸር ናቸዋ! እንደሳቸው ያለ ቸር ከብቸና እስከ ሞጣ ቢፈለግ አይገኝም!»

«ልጅቷስ?»

«ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ጨዋ! ቁርጥ ያባቷ ልጅ።»

«መልካም፣ መልካም» አሉ ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ። ከዚያ ውኃውን አዩት። «ቁርጥማት አለብኝ። ይህን ብረግጥ ጉልበቴ እዚሁ ይቀራል።»

ሁለቱ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው።

«እኔ አዝላቸዋለሁ!»

«ወግድ! የወንድሜ ልጅ ጉዳይ ነው!»

ይታያል አዘላቸው። አካለ ወልድ ጫማቸውን ይዞ ተከተለ። ውኃው እስከ ጭን ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መሐል ላይ ይታያል አዳለጠው።

«ቀስ በል እንጂ፣ ጋቢዬን!» አሉ ሽማግሌው ከላይ።

«ይቅርታ አባቴ!»

ደጁ ሲደርሱ ውሻው ዘሎ ሽማግሌው ላይ ጮኸ። ይታያል እየተንቀጠቀጠ ወደ ጓደኛው ጆሮ ተጠጋ። «አየህ? ውሻውን ሳይቀር ማስመሰል አስተምረውታል!»

«እርስዎ ይቅደሙ አባቴ» አሉ ሁለቱም። ሽማግሌ ግቡ ሳይባል አይገባም፤ ባለቤት ግን ምን ይከለክለዋል?

ሽማግሌው ገቡ። ሁለቱ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ደጅ ቆሙ። ቆዩ፣ ቆዩ። ከውስጥ እልልታ ተሰማ።

«ሳንናገር እሺ አሉ!» አለ ይታያል። እንባው መጣ።

ግቡ ተባሉ። ሽማግሌው እሳት ዳር ተቀምጠው ጉልበታቸውን ይሞቃሉ። ከመደቡ ላይ አንድ አጭር ሰው ተነስቶ ሁለቱንም አቀፋቸው።

«ከፋለ እባላለሁ» አለ። «እኚህ አባት ብቻቸውን ቢመጡ ኖሮ እንኳን ልጅ ውኃም አልሰጥም ነበር። ግን ወንዙን ስትሻገሩ ከደጄ ሆኜ ሳያችሁ ነበር። ታላቁን አዝሎ የሚያሻግር ወገን ያለው ልጅ ክፉ አይሆንም ብዬ ሰጠሁ። ልጄም ተጠይቃ እሺ ብላለች። እሳቸው የጠየቁለትን የሞጣውን ልጅ፣ ስጦታውን፣ ታውቀዋለች።»

«የምን ስጦታው?» ጮኸ ይታያል። «እኛ የመጣነው ለየኔሰው ነው! እኚህን ሰውዬ አናውቃቸውም!»

«ታዲያ የማታውቁትን ሰው ማን እዘሉ አላችሁ?» አለ ከፋለ።