የሽኮኮ ዘመድ

ገደፋው ቸኮለ ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጤናውን አይደለም፤ የማን ልጅ መሆኑን ነው። ከቡሬ እስከ ማንኩሳ ልጁን የሚድር ሁሉ አስቀድሞ እሱ ዘንድ ይመጣል። ገደፋው የአንድ አባት ልጆች አንድ ቤት፣ የእነሱ ልጆች ሁለት ቤት እያለ እስከ ሰባት ይቆጥራል። ከሰባት በታች ዝምድና ከተገኘ ሠርጉ ቀረ፤ የተጠነሰሰው ጠላም የጎረቤት ሲሳይ ይሆናል።

ሙያውን የለመደው በወጣትነቱ ቅኔ ሊማር መራዊ በከረመበት ጊዜ ነው። ቅኔውን ግን ሳይጨርስ ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ የጠየቀው የለም። በአገሩ ጠያቂው እሱ ነዋ።

በ1979 ዓ.ም. ጥር ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አንድ ወጣት ይዞ መጣ።

«ጓድ የሽዋስ አድማሴ ይባላል። ከዩኒቨርሲቲ ተልኮ ነው። የወፍና የአውሬ ደም ይሰበስባል። እርስዎ ቤት ያርፋል።»

«ስንት ሰፊ ቤት እያለ እኔ ዘንድ?»

«እሱ ነው የመረጠው። ስምዎን ሰምቶ ነው።»

ገደፋው ደስ አለው። ስሙ ዩኒቨርሲቲ ድረስ መዝለቁ ብዙም አልገረመውም።

የሽዋስ ጅግራና ቆቅ በወጥመድ ይይዛል፤ ከክንፋቸው ሥር ጥቂት ደም ቀድቶ ይለቃቸዋል። ደሙን በብልቃጥ አድርጎ በበረዶ ሳጥን ያኖረዋል። ከገደሉ ሽኮኮ ይዞ የመጣ ቀን ግን ገደፋው አላስቻለውም።

«ይህን ርኩስ ምን ልታደርገው ነው?»

«ዘሩን ልቆጥር ነው፣ ጋሽ ገደፋው። እርስዎ በአፍ የሚቆጥሩትን እኛ በደም እንቆጥራለን። በደም ውስጥ ከአባትና ከእናት የሚወረስ ነገር አለ። የሁለት አውሬ ውርስ በተመሳሰለ ቁጥር ዝምድናቸው ቅርብ ነው።»

«የሽኮኮ ዘመድ ጥንቸል ነው። ለዚህ ደም ማፍሰስ ምን አመጣው?»

«መልኩ ነው ያሳሳተዎ። በደም ሲቆጠር የሚቀርበው ለዝሆን ነው። የሌሊት ወፍም ክንፍ አላት ተብላ ከወፍ ትደመራለች፤ ደሟ ግን ጡት ከሚያጠቡት ወገን ነው።»

ገደፋው ከልቡ ሳቀ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል። ዝሆን ይህችን ኩርማን ዘመዴ ብሎ ተዝካር አይጠራትም።»

«ባይጠራትም ዝምድናው አይቀርም» አለ የሽዋስ፤ ብልቃጡንም ከደነ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ገደፋው ልጁን ሲሳይነሽን ለጎረቤቱ ለአቶ ደረሰ ልጅ ሊድር ቃል ሰጥቷል፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እንግዳው ግን ዓይኑን ከልጅቱ አይነቅልም። ሻሽ ገዛላት። በልጅነቷ ምን ትጫወት እንደነበር ጠየቃት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ደግሞ ትንሿን ጣቷን አየና፣ «ይህች ጎባጣ ጣት ከማን የመጣች ናት?» አለ።

«ከእኔ ናት» አለ ገደፋው፣ የራሱን ጎባጣ ጣት ከገበታው በላይ አንስቶ። ዓይንህን ከልጄ ላይ አንሳ ማለቱ ነበር።

የሽዋስ ጣቱን አየ፣ አየና «ጠገብሁ» አለ። እጁንም ኪሱ ከተተ።

«ይህ ልጅ የመጣው ለወፍ አይደለም» አለ ገደፋው ለሚስቱ ለጌጥነሽ።

«ጨዋ ልጅ ነው።»

«ጨዋ ሌባ ነው። ቃሌን ካጠፍሁ ከደረሰ ጋር ደም መቃባታችን ነው።»

በሳምንቱ የደብሩ ቄስ፣ ቄስ ወልደ ገብርኤል፣ ብቅ አሉ። «የሽዋስ በሽማግሌ ፊት የምናገረው ጉዳይ አለኝ ብሏል። እሑድ ሦስት ሆነን እንመጣለን» አሉ።

ሦስት ሽማግሌ ለምን እንደሚላክ ሕፃን ያውቀዋል። ቄሱን ያህል ሰው እምቢ ቢል ነውር፣ እሺ ቢል ደም። ማንንም የማያስቀይም አንድ ምክንያት ብቻ ነበር፤ እሱም ዝምድና። ገደፋው ዕድሜውን ሙሉ ዘር ቆጥሮ ዋሽቶ አያውቅም። አሁን ሊዋሽ ቆረጠ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሎቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። የሽዋስ ሊናገር ሲነሳ ገደፋው ቀደመው።

«ከሁሉ በፊት ዘር ይቆጠር። በእናትህ ጀምር።»

የሽዋስ ቄሱን አየ። ቄሱ ቀጥል በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እናቴ የሜጫ፣ የመራዊ ሰው ናት። አልጣሽ አድማሴ። አድማሴ እጅጉ፣ እጅጉ ክንፈሚካኤል...»

የገደፋው ጆሮ እዚያ አልነበረም። ውሸቱን በሆዱ ያሰናዳ ነበር። ሰባቱ ሲያልቅ፣ «በእናትህ አንገናኝም» አለ።

«በአባቴ ደግሞ...»

«የአባትህን እኔ ልንገርህ» አለ ገደፋው፣ ለሽማግሎቹ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አጣርቸዋለሁ። የአባትህ ዘርና የእኔ ዘር አንድ ነው። አንተና ሲሳይነሽ አምስት ቤት ናችሁ። በወንጌል እምላለሁ። ወንድሟ ነህ፤ ሌላ ልትሆናት አትችልም።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል አማተቡ። ገደፋው እንግዳው ተቆጥቶ ሲወጣ ለማየት ጠበቀ። የሽዋስ ግን እንባው እየወረደ መጥቶ ተንበረከከና ጉልበቱን ሳመው።

«በሽማግሌ ፊት ስላመኑልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። «ቆጠራው ላይ ብቻ ነው የተሳሳቱት፤ እናቴ አንድ ቤት ናችሁ ነው ያለችኝ።»