ስስ ሶል

ሣህሉ አዲሱን የጅቡቲ ጫማ እንደተጫማ፣ ከጫማ መሸጫው ጎን ያለውን እህል ነጋዴ አስፈቅዶ አንድ ጆንያ ማሽላ አቀፈ። ጫማ ሻጯ ቱሪያ እጇን አፏ ላይ ጭና ታየዋለች፤ ቀፊራ ገበያ ላይ ጫማ በጆንያ የሚለካ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። ሣህሉ ሊገባበት የሚፈልገው የክብደት ማንሳት ቡድን ምርጫ ነገ ነው። አሰልጣኙ ደግሞ «አሁንም ከተንገዳገድክ ቤትህ ተቀመጥ» ብሎታል። ጆንያው ከጉልበቱ ከፍ ሲል የጫማው ወፍራም ስፖንጅ ወደ ጎን ሰመጠ፤ ሣህሉም ተንገዳግዶ ለቀቀው።

«ያንን ስሱን ሸራ ጫማ ስጪኝ።»

«አቦ ተው! ጠጠሩ ሁሉ ይቆረቁርሃል። ይሄኛው እኮ ፍራሽ ነው፣ ወላሂ!»

«እንዲቆረቁረኝ ነው የምፈልገው» አለና ካልሲውን አወለቀ። የቀኝ እግሩ አውራ ጣትና አጠገቡ ያለችው ጣት የሉም፤ ኦጋዴን ላይ ፈንጂ ወስዷቸዋል። «ከዚያ ወዲህ መቆሜን የማምነው መሬቱ ሲሰማኝ ብቻ ነው» አላት።

ቱሪያ ተንበርክካ የሸራውን ክር ጠበቅ አድርጋ አሰረችለት። ሣህሉ እግሩን ከፈት አድርጎ ተከለ። በስሱ ሶል በኩል የመሬቱ ግለትና የጠጠሩ ሹልነት ሳይቀር ተሰማው። ጆንያው ጉልበቱን አለፈ፣ ደረቱ ላይ ወጣ፣ ትከሻው ላይ አረፈ። እግሩ ንቅንቅ አላለም።

«በቃ አየሁልህ! አውርደው!» ብላ ጮኸች ቱሪያ።

ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነበር።

«ቆይ» አላት፣ «ትንሽ ልቁም።»