የአምና ልክ

ልጅቱ ሆዷን ወደ ውስጥ ሰብስባ የሸሚዙን የመጨረሻ ቁልፍ ትቆልፋለች። እናቷ ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅራ የጉርድ ቀሚሱን ጫፍ እየዘመዘመች ነው።

"እንዴት ነው?" ትላለች እናትየዋ፣ ቀና ሳትል።

"ልክ ነው፣ እማዬ።"

"እጅጌውስ?"

"እሱም ልክ ነው።"

ነገ ትምህርት ይከፈታል። የሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርም በሙሉ ያለፈው በዚህች ባለ አንድ መስኮት ሱቅ ነው። ሁሉም ወስዶ፣ ለብሶ፣ መርቆ ሄዷል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ተራ የደረሰው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው።

በሰፈሩ "ሜትር" ነው የሚሏት። ደንበኛ በሩ ላይ ጃንጥላውን አጥፎ እስኪያራግፍ፣ እሷ ትከሻውንም ወገቡንም በዓይኗ ለክታ ጨርቁን ትዘረጋለች። ሙያውን ያስተማሯት ሽማግሌ "አስሬ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ" እያሉ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። እሷ አንዴ አይታ አንዴ ትቆርጣለች፣ ስታም አታውቅም። ልጇንማ ከተወለደች ጀምሮ በሜትር ነክታት አታውቅም። የገዛ ልጅ ደግሞ ይለካል እንዴ?

ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ግን ከውስጧ አንድ ነገር ወጥቶ ሄዷል። ሰው አልሞተባት፣ ቤቷ አልጎደለ፣ ከባሏ አልተጣላች። ምግቡ አፈር አፈር ይላታል፣ ትበላዋለች። ቀልድ ሲነገር ጥርሷን ታሳያለች። በየክረምቱ ትንሽ ድብት ይላትና ፀሐይ ስትወጣ ይለቃት ነበር። ዘንድሮ ፀሐይዋም ወጣች፣ እሱ ግን አለቀቃትም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እሷ እንባውንም አጥታዋለች፤ ማጣቷም አልከፋትም።

ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አንገቷን በበሩ ታስገባለች።

"ሜትርዬ! ምሳ በላሽ ወይስ ዛሬም ክር ስታላምጪ ዋልሽ?"

"በልቻለሁ።"

"ውሸትሽን ነው። ይልቅ ጤና ጣቢያ የምንሄደው መቼ ነው? ቁርጡን ንገሪኝ፣ ደንበኛ እንዳልቀጥር።"

"ይደርሳል።"

"ሁለት ወር ሙሉ ይደርሳል! ጥርስሽን ቢያምሽ እንዲህ ትቀመጪ ነበር?" ፀጉር ሠሪዋ ወደ ልጅቱ ዞር ስትል ወሬዋን ታቋርጣለች። "አንቺ ልጅ፣ ምነው ዓይንሽ ፈጠጠ?"

"ምንም አልሆንኩ፣ እትዬ" ትላለች ልጅቱ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ አየር እየቆጠበች የምታወራ ነው የምትመስለው።

እናትየዋ መኪናውን አቁማ ቀና ትላለች።

ቁልፎቹ ክራቸውን ወጥረው ሊበጠሱ ደርሰዋል። እጅጌው ከአንጓዋ በላይ ቀርቷል፤ ልጅቱ ጫፉን በጣቶቿ ወደ ታች ጎትታ ይዛዋለች። ስፌቱ ላይ አንድም ስህተት የለም። የአምናዋን ልጅ ቢያለብሷት ልክክ ይልላት ነበር። ፊቷ የቆመችው ግን ትከሻዋ የሰፋ፣ አንገቷ የተመዘዘ ሌላ ልጅ ናት። መቼ ነው እንዲህ ያደገችው? ክረምቱን ሙሉ አንድ ገበታ ላይ አብረው በልተዋል፣ ፀጉሯንም ጎንጉናላታለች። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይላሉ። ዓይኗማ ሲያይ ከርሟል፤ የሚፈርደው ነው የጠፋው።

"ለምን ልክ ነው አልሽኝ?"

ልጅቱ ፀጉር ሠሪዋን ታያለች፣ ከዚያ መሬቱን። "አባዬ እማዬን በሆነ ባልሆነው እንዳታስቸግሪ ብሎኛል።" ትንሽ ታስብና ትጨምራለች፤ "ደግሞ ቀስ ብዬ ከተነፈስኩ ይበቃኛል። ተለማምጄዋለሁ።"

ተለማምጄዋለሁ። እናትየዋ ቃሉ ውስጧ ገብቶ እስኪያማት ትጠብቃለች። አያማትም። መታመም ነበረባት፤ ይህን ታውቃለች። አለመታመሟ ያስፈራታል።

"አውልቂው" ትላለች።

ጨርቁ አልቋል፤ ሌላ የሚቆረጥ የለም። ሸሚዙን ገልብጣ የውስጡን ስፌት በጣቷ ትዳብሳለች። በሁለቱም ጎን፣ በእጅጌውም ጫፍ፣ ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ለሚያድግ ልጅ የሚተው ትርፍ ነው። ለደንበኛ ልጅ አንድ ጣት ነው የምትተወው፤ ይኼ ሁለት ጣት ነው። መቼ እንደተወችው አታስታውስም። እጇ ሳይነግራት ያደረገው ነው።

ምላጭ አንስታ ስፌቱን መፍታት ትጀምራለች።

"ነገ" ትላለች ለፀጉር ሠሪዋ። "ልጅቱን ትምህርት ቤት ካደረስኳት በኋላ እንሂድ።"

ፀጉር ሠሪዋ ለቀልድ አፏን ትከፍትና ትተወዋለች። "ሁለት ሰዓት ላይ በርሽ ላይ ነኝ" ብላ ትወጣለች።

ሁለቱም ጎን ሲፈታ እናትየዋ ሜትሩን ከአንገቷ ታወርዳለች። ከልጇ ፊት ተንበርክካ በካናቴራው ላይ ደረቷን ዙሪያውን ትጠመጥምባታለች። ልጅቱ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ አሁንም እንደያዘች ናት።

"ልቀቂው።"

"ምኑን?"

"ትንፋሽሽን።"

ልጅቱ ትተነፍሳለች። ሜትሩ በእናትየዋ ጣቶች መሃል ይንሸራተታል፤ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ይሰፋል።

"ስንት ሆንኩ?"

ቁጥሩን አይታዋለች። ሜትሩን ግን አለቀቀችም።

"ቆይ" ትላለች። "ደግሞ ተንፍሺ።"